«ጽሕፈት አይማሩትም» ለሚሉን

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ደራሲ ይወለዳል እንጂ አይሠለጥንም ሲል ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ በመኝታ ቤቶቻችን ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ በሻይ ቤቱም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አነጋግሯል። ነገሩ ለጨዋታ ያህል የተነሣ ቢሆን ኖሮ እኛም ስቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በዚሁ ሰሞን የአማርኛ ጽሕፈት ኮርስ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ እንዲታጠፍ፣ በስሙ ይያዝ የነበረውም ሰዓት ለሌላ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ ሐሳብ መቅረቡን ሰምተናል። ለዚህም የተሰጠው ምክንያት የወንድማችን ምክንያት ራሱ ነው፤ «የሚጽፍ ያለ ኮርስ ይጽፋል፤ የማይጽፍ በኮርስም አይጽፍም» የሚል። እንግዲህ የሻይ ቤት ክርክር የነበረው ነገር የመማሪያ ሰዓታችንን ሊበላ ከመጣ መልስ መስጠት ግዴታችን ሆነ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናምናለን። የአሁኑ ኮርስ እንደ ቆመ ይቀጥል የሚል ሰው ቢኖር እኛ አይደለንም። ስድሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ የአንቀጽን ትርጉም ከተባዛ ወረቀት ላይ ገልብጠን፣ የድርሰት ዓይነቶች ተራኪ፣ ገላጭ፣ ሥዕላዊና አመዛዛኝ መሆናቸውን በቃላችን ይዘን፣ በመጨረሻው ፈተና «ኃይለ ቃል በአንቀጽ ውስጥ የት ይገኛል?» ለሚል ጥያቄ «ሐ» የሚለውን ፊደል ከበን ወጥተናል። በአንድ ሙሉ መንፈቅ ውስጥ ከአንድ ድርሰት በላይ አልጻፍንም። እሱም ሲመለስልን በራስጌው ላይ በቀይ ቀለም «14» የሚል ቁጥር ብቻ ነበረበት። ከሃያ መሆኑ ነው። ስድስቱ ነጥብ ስለ ምን እንደ ጎደለ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደ ሰነከለ፣ የትኛውስ እንደ ቀና፣ ማንም አልነገረንም። መምህሩን መውቀስ አንፈልግም፤ የአራት ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት ይዞ ሌሊቱን የሚያድር ሰው እያንዳንዱን መሥመር ያርም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ይህን አይቶ «ጽሕፈት በትምህርት አይገኝም» የሚል ሰው፣ ውኃ ያልገባበትን ገንዳ አይቶ «ዋና በትምህርት አይገኝም» እንደሚል ሰው ነው።

የወንድማችን ዋና ማስረጃ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉት በየትኛው ኮርስ ሠልጥነው ነው?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄውን በደስታ እንቀበላለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ያን መጽሐፍ የጻፉት ሰው በጎጃም የቅኔ ቤቶች ያለፉ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት ደግሞ ምንድን ነው? እኛ እስከምናውቀው ድረስ ቅኔ ቤት በዚህች አገር ከቆሙት የጽሕፈት ኮርሶች ሁሉ የከበደው፣ የረዘመውና ርኅራኄ የሌለው ኮርስ ነው። ወንድማችን የኮርስ ጠላት አድርጎ ያቀረባቸው ምስክር ለኮርስ መሰከሩበት።

ይህን ነገር ከከተማ ትምህርት ቤት ለመጣነው ተማሪዎች ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል። የቅኔ ተማሪ ሲጀምር ስለ ቅኔ ትርጉም አይነገረውም። ግስ ይገሥሣል፤ ቃል ያከማቻል። ከዚያም መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል። ከዚያም ገለል ወዳለ ስፍራ ይሄድና ቅኔ ይቆጥራል። የሚጀምረውም በትልቁ አይደለም፤ በጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለት መሥመር ለማቃናት ቀኑን ሙሉ ጠኔ ይዞት ከዛፍ ሥር ይውላል። ሲመለስም የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። በወረቀት አይደለም፤ በአፉ ነው፤ ጓደኞቹ እየሰሙት ነው። ቃሉ ካልገጠመ እዚያው ይነገረዋል፤ ምሥጢሩ ካልወጣም እዚያው ይነገረዋል፤ ቤቱ ካልመታም እንደዚሁ። «ዐሥራ አራት» የሚባል ነገር የለም። የሚባለው «ይህች ቃል እዚህ ምን ትሠራለች?» ነው። በማግስቱ ደግሞ እንደገና ይቆጥራል። እንዲህ እያለ በዘአምላኪየና በሌሎቹ በኩል አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ ጽፎ ስንት ጊዜ ታርሟል? እኛ በመንፈቅ አንድ ጊዜ ጽፈን ምንም ሳንታረም ወጣን። ልዩነቱ ከተሰጥዎ የመጣ ነውን?

«ቅኔ ግጥም ነው፤ ያውም በግእዝ ነው፤ እናንተ የምታወሩት ስለ አማርኛ ስድ ንባብ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንዱም ከዚህ አልፎ ቅኔ ያስተማረን መሠወርን ነው፣ ስድ ንባብ የሚፈልገው ግን መግለጥን ነው ይላል። በዚህ ተቃውሞ ውስጥ እውነት አለ። ሰም ለብሶ የሚሄድ ወርቅ ለማወደስና ለመውቀስ ይመች ይሆናል፤ የእህል ዋጋ ስለ ምን እንደ ተወደደ ለማስረዳት ግን አይመችም። እኛም ቅኔ እንቁጠር አላልንም። ከቅኔ ቤት የምንፈልገው ፍሬውን ሳይሆን አያያዙን ነው፤ ይኸውም በየቀኑ ጥቂት መጻፍን፣ የጻፉትን በሰው ፊት ማሰማትን፣ ወዲያው በቃል ደረጃ መታረምን፣ ከትንሽ ጀምሮ ወደ ትልቅ መውጣትን። ይህ አያያዝ በግእዝ የሚሠራ በአማርኛ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው?

በውጭ አገርም ነገሩ ያው ነው። ሆኖም የኮርስ ወዳጆች የሚያቀርቡትን ማስረጃ ሁሉ እንዳለ ልንውጠው አንሻም። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1936 ተቋቋመ፤ ፍላነሪ ኦኮነር በ1947 ከዚያ ተመርቃለች። በእንግሊዝ አገር ማልኮም ብራድበሪና አንገስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 በኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ከፈቱ፤ የመጀመሪያው ተማሪ ኢያን ማክዩዋን ነበር፤ በ1980 ያጠናቀቀው ካዙኦ ኢሺጉሮም በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስሞቹ ያስደነግጣሉ። ነገር ግን እነዚህ ኮርሶች ተማሪ የሚቀበሉት ጽሑፉን አስቀድመው አንብበው፣ ከብዙ አመልካች ጥቂቱን መርጠው ነው። ከመረጡ በኋላ «እኛ አስተማርነው» ቢሉ፣ ፈጣን ፈረስ ገዝቶ መሮጥ አስተማርኩት እንደሚል ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ የተሸላሚ ስም መቁጠር ወዲህም ወዲያም አያስረዳም። ወንድማችን ያለ ኮርስ የጻፉትን ቢቆጥር፣ ሌላው በኮርስ ያለፉትን ቢቆጥር፣ ሁለቱም እስኪመሽ ይቆጥራሉ።

መመርመር ያለበት ዓረፍተ ነገሩ ላይ የሚደረገው ነገር ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የሬይመንድ ካርቨር ታሪክ ይመስለናል። ካርቨር የሠራተኛ ልጅ ነው፤ ገና በሃያ ዓመቱ ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት። በካሊፎርንያ በምትገኝ በቺኮ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጆን ጋርድነር የሚባል፣ በዚያን ጊዜ አንድም ልቦለድ ያላሳተመ ወጣት መምህር አጋጠመው። ጋርድነር የተማሪውን ታሪክ ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር፣ እየሰረዘና እየጨመረ አብሮት ይቀመጥ ነበር። ካርቨር በቤቱ ጸጥታ አጥቶ መጻፍ ቢያቅተው የቢሮውን ቁልፍ ሰጠው። ሌላ ምሥጢር የለበትም። በኋላ ደግሞ ጎርደን ሊሽ የተባለ አርታኢ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የካርቨርን የአጫጭር ልቦለዶች መድበል እጅግ ቆራርጦ አሳተመው፤ ያልተቆረጠው ረቂቅ በ2009 ታትሞ ሲወጣ፣ ካርቨር የታወቀበት ያ ቁጥብ አጻጻፍ ምን ያህሉ የደራሲው፣ ምን ያህሉ የአርታኢው እንደ ሆነ ዓለም ተከራከረበት። እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ አንገባም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት ወጣ የተባለው የአጻጻፍ ስልት ቢያንስ የሦስት ሰዎች እጅ ነበረበት።

ጋዜጣስ ኮርስ አይደለምን? ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1917 በካንሳስ ሲቲ ስታር ጋዜጣ ሲቀጠር የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ጋዜጣው ለሪፖርተሮቹ የሚሰጠው የአጻጻፍ መመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዲያሳጥሩ፣ የተንዛዛ ቃል እንዲተዉ ያዝዝ ነበር፤ እሱም በዚያ መመሪያ እንደ ተጠቀመ ኋላ ራሱ መስክሯል። የእኛው በዓሉ ግርማስ? በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተምሯል፤ መነንንና አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መርቷል፤ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣውን ኦሮማይን ያነበበ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። ያ ሩጫ የማተሚያ ቤት ሰዓት ያስተማረው ሩጫ ነው ብንል ስሕተት አይመስለንም። ወንድማችን «ተሰጥዎ» ብሎ ይጠራው፤ እኛ ለስሙ አንጣላም፤ ተሰጥዎው በየምሽቱ በቀይ እስክርቢቶ ይሞረድ እንደ ነበረ ግን አይካድ።

አሁን ወደ ራሳችን አጻጻፍ እንመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። የዛሬው አማርኛ ስድ ንባብ ታሟል። በሽታውም በደራስያን ላይ ብቻ ያለ በሽታ አይደለም፤ በመሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ በሬዲዮ ዜና፣ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ በእኛም የምርምር ጽሑፍ ውስጥ አለ። ለምሳሌ ያህል እኛው ራሳችን አንድ ዓረፍተ ነገር እንሥራ፤ አንባቢ በየቀኑ ከሚሰማው የተለየ ከሆነ ይፍረድብን፦

«የውኃ አቅርቦት ችግሩን ከመቅረፍ አንጻር ሰፋፊ የንቅናቄ ሥራዎች የተሠሩ ሲሆን አመርቂ ውጤቶችም የተመዘገቡበት ሁኔታ ያለ በመሆኑ በቀጣይ ተጠናክሮ የሚሄድ ይሆናል።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ሰዋስው አልጣሰም። በፈተና ላይ ቢቀርብ «ትክክል ነው» የሚለውን እንከብበታለን። ነገር ግን ማን ሠራ? አልተነገረም። ምን ሠራ? «ሥራዎች» ሠራ። ውኃው መጣ ወይስ አልመጣም? «ሁኔታ አለ።» ግሡ ሁሉ ስም ሆኗል፤ ባለቤቱ ሸሽቷል፤ «ከመቅረፍ አንጻር» የሚለው ሐረግ መቅረፉንም አለመቅረፉንም ሳይናገር በመካከል ቆሞ ያያል። አሁን ደግሞ ያንኑ ነገር ውኃ የሚቀዳ ሰው እንደሚናገረው እንጻፈው፦

«ሁለት ጉድጓድ ቆፈርን። አንዱ ውኃ ሰጠ። ሁለተኛው በስልሳ ሜትር ደረቅ ሆነ፤ ገንዘቡም አለቀ።»

የቱ አጠረ? የቱስ ሀብታም ሆነ? በሁለተኛው ውስጥ አንባቢ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል፤ ለምን ደረቀ? ቦታውን ማን መረጠ? ገንዘቡ ስንት ነበር? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የተሠራው ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ነው። ብዙዎቻችን ግን ለመሸሸግ ብለን ሳይሆን እንደዚያ መጻፍ የተማረ ሰው አጻጻፍ መስሎን እንጽፋለን። ቅኔ የሚሠውረው የሚገኝ ወርቅ አስቀምጦ ነው፤ ይህ አጻጻፍ ግን ሰሙ ሲቀልጥ በሥሩ ምንም የለም። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየወረዳው ሪፖርት የምንጽፈው፣ ለፍርድ ቤት አቤቱታ የምናረቅቀው፣ ለልጆች መማሪያ መጽሐፍ የምናዘጋጀው እኛ ነን። ገበሬ ያላገኘውን ውኃ «አመርቂ ውጤት» ብሎ የሚመዘግበው እጅ የእኛ እጅ ሊሆን ነው። ስለዚህ የጽሕፈትን ኮርስ «ደራሲ መሆን ለሚሹ ጥቂት ልጆች የሚሰጥ መዝናኛ» አድርጎ ማየት ነገሩን ፈጽሞ አለማየት ነው።

ይህን በሽታ ደግሞ ተሰጥዎ አያድነውም። ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለማስተካከል ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አጠገብህ ተቀምጦ «ማን ሠራ?» የሚልህ ሰው ነው። አንድ መንፈቅ ሙሉ በየሳምንቱ «ማን ሠራ?» የተባለ ተማሪ ከዚያ በኋላ ብዕሩን ሲያነሣ ጥያቄው ራሱ በጆሮው ይጮኽበታል። ኮርስ ለደራሲ የሚሰጠው ከሁሉ የበለጠው ነገር ይህ ይመስለናል፤ በራሱ ጽሑፍ ላይ የሌላ ሰው ጆሮ። የሚጻፍበትን ነገር፣ የኖረበትን ኀዘን፣ ዓይኑ የያዘውን ሥዕል፣ ይህንስ ኮርስ አይሰጥም፤ ይሰጣል ብለንም አናውቅም።

መምህራኖቻችን አንድ ሌላ ስጋት ያነሣሉ፤ እሱም ዘመን አመጣሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ መኪና ድርሰት ጻፍልኝ ሲሉት ይጽፋል፤ በአማርኛም ይሞክራል። «እንግዲህ ተማሪው በስልኩ አስጽፎ ከሚያመጣ ኮርሱ ቢታጠፍ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ተማሪዎች እንደዚያ አያደርጉም ብለን አንከራከርም፤ አብረናቸው እናድራለንና እናውቃለን። ነገር ግን መኪና በቀላሉ የሚያሸንፈው ኮርስ የትኛው ነው? በመንፈቅ አንድ ጊዜ ወረቀት ተቀብሎ ቁጥር ጽፎ የሚመልሰው ነው። ተማሪው የጻፈውን ቆሞ በአፉ የሚነግርበት፣ «ይህችን ቃል ስለ ምን መረጥህ?» ተብሎ የሚጠየቅበት፣ ትናንት የታረመውን ዛሬ አቃንቶ የሚያመጣበት ጉባኤ ግን መኪናውን አይፈራም። ቅኔ ቤት ይህን መላ ያበጀው ስልክ ሳይታሰብ ነው፤ የሰው ቅኔ ሰርቆ የሚነግር ተማሪ በዚያም ዘመን አይጠፋም ነበርና።

«መጽሐፍ አንብቡ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉም አሉ። ማንበብ ያስፈልጋል፤ ያላነበበ የሚጽፈው የለውም። ዳኛቸው ወርቁ አደፍርስን ከጻፈ በኋላ በ1977 ዓ.ም. የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ የተባለ መጽሐፍ አሳትሟል። አማርኛ ስድ ንባብን እስከ ጥጉ የፈተነ ደራሲ ጥበቡን ለሌላው ሊያስረዳ ከተቀመጠ፣ ነገሩ የሚነገርና የሚተላለፍ ነው ብሎ አምኗል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ግን መመሪያ ብቻውን ዝም የሚል መሆኑ ነው፤ አንብበነው ስንሳሳት አያስቆመንም።

አሁን የምንጠይቀውን በግልጽ እንናገር። ኮርሱ አይታጠፍ፤ ይለወጥ። ስድሳው ተማሪ በአራት ጉባኤ ይከፈል፤ እያንዳንዱ ጉባኤ ዐሥራ አምስት ሰው ይሁን። የመጨረሻው ፈተና ቀርቶ በየሳምንቱ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ይቅረብ፤ የተማሪው ውጤት ከመጀመሪያው ረቂቅ ሳይሆን ከታረመው ይያዝ። «ለዚህ የሚበቃ መምህር የለም» መባሉ አይቀርም። በቅኔ ቤት መምህሩ ሁሉን ራሳቸው አይሰሙም፤ የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ጀማሪውን ይሰማል። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን ሥራ ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኞች ናቸው፤ ስማቸውን የያዘ ወረቀት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ሃያ ሦስት ሰው ፈርሞበታል። የትምህርት ክፍሉ የሚያዋጣው አራት ክፍልና በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

የስብሰባው ውሳኔ እስኪታወቅም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ ከእራት በኋላ በኅብረቱ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ያንን የደራሲነት ጽሑፍ የጻፈውን ወንድማችንን በተለይ ጠርተነዋል፤ ጽሑፉን ይዞ ይምጣ፤ ሦስተኛው አንቀጹ ላይ የምንጠይቀው ነገር አለን። መምህራንም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ እነሱም ግን ባዶ እጃቸውን አይምጡ። የሚመጣ ሁሉ የራሱን ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ይያዝ፤ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ሲታረም መልስ አይስጥ፤ አርሞ በሚቀጥለው ሐሙስ ይመለስ።